የእድሩ ኤክሴል ከተቃጠለ በኋላ፦ ለቤት ኮምፒውተራችን የቱ ክላውድ ይሻላል?

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር፣ ጸሐፊ የሚሆነው በምርጫው ቀን ስብሰባ የቀረ ሰው ነው። እኔ ቀርቼ ነበር። ደብተሩን ተረከብኩና ጎበዝ ለመባል ሁሉንም ወደ ኤክሴል ገለበጥኩት። የከፈለ አረንጓዴ፣ ያልከፈለ ቀይ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «ይሄ ነገር አይጠፋም?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው!» አልኳቸው።

አንድ የሐምሌ ማታ መብራት ሄደ። ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ጠቆረ፤ ከጠረጴዛው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። በማግሥቱ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሃርድ ዲስኩን ፈቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካውና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «አይዞርም። አልቆለታል» አለኝ። የእድሩ ሒሳብ፣ የልጄ የክርስትና ፎቶ፣ የባለቤቴ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያ ብረት ውስጥ ቀረ።

እሁድ ስብሰባ ላይ ጋሼ አልተቆጡም። «ደብተሩስ?» ብቻ አሉ። ደብተሩ ቤት ነበር። ከስምንት ወር በፊት ቆሟል፤ ከኋላው ልጄ ላም ስላበታለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ባክአፕ የሚባለውን ነገር፣ የፋይልን ትርፍ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥን፣ የምር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፋይላችንን በኢንተርኔት ተቀብለው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ከሚያስቀምጡት የክላውድ አገልግሎቶች ብዙዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። በየቦታው የሚነበበው ንጽጽር የሚጀምረው «ስንት ጊጋ በስንት ዶላር» ከሚለው ነው። እዚህ እኛ ጋ ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ፣ ፋይሉ በኛ መስመር ይወጣል ወይ? ቀጥሎ፣ የጠፋ ቀን ይመለሳል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ያለፈ ነው ዋጋው የሚታየው።

ዘሩን ለዩ

ኮምፒውተራችሁ ውስጥ 300 ጊጋ ሊኖር ይችላል። አብዛኛው ግን ፊልም፣ መዝሙር፣ ከሰው የተቀዳ ተከታታይ ድራማ፣ የፕሮግራም መጫኛ ነው። ይሄ ቢጠፋ ከጎረቤት በፍላሽ ይመለሳል። መንዝ ላይ ገበሬው ለዘር ያሰበውን ገብስ ከሚበላው ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። እኔም «ዘር» የሚል ፎልደር ከፈትኩ። ከማንም ልቀዳው የማልችለውን ብቻ እዚያ ከተትኩ፦ የቤተሰብ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን፣ የቤት ካርታ ኮፒ፣ ውሎች፣ የእድሩ ሒሳብ።

ከጓደኛና ከዘመድ ስልክ ለቃቅሜ፣ ከኢሜይል አውርጄ እንደገና የሰበሰብኩት ሁሉ ተደምሮ 340 ጊጋ ነበር። ሲበጠር 18 ጊጋ ሆነ። ከ18ቱ ውስጥ ሰነድ የሆነው 1 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ይህን ሳታደርጉ አገልግሎት ለመምረጥ አትቀመጡ። መጠኑ ሲታወቅ ግማሹ ምርጫ በራሱ ይወድቃል።

መስመሩ ይችለዋል?

የኢንተርኔት ጥቅል ሲሸጥ የሚነገረን ፍጥነት ብዙ ጊዜ የዳውንሎድ (ወደኛ የሚወርደው) ነው። ባክአፕ ግን የሚሄደው በአፕሎድ (ከኛ በሚወጣው) ነው። ሁለቱን ለየብቻ ለኩ። ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ አፕሎዳችሁ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ 1 ጊጋባይት ለመጫን 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። የኔ 18 ጊጋ 40 ሰዓት መሆኑ ነው። 340ውን ልጫን ብል አንድ ወር ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት፣ መብራት ሳይሄድ። መብራት ሳይሄድ የሚለውን ለናንተ ትቼዋለሁ።

እቤቴ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስለካው 1 ሜጋቢት አልሞላም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወደ 4 ወጣ። በ4 ሜጋቢት 18 ጊጋው በ10 ሰዓት ያልቃል። ችግሩ ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ በኅዳር ሌሊት 10 ሰዓት ከብርድ ልብስ መውጣት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ «በዚህ ሰዓት ጀምር» ሲባል የሚገባው ሶፍትዌር ይሻላል። ከታች የማነሳቸው አይድራይቭና ባክብሌዝ የሚባሉት አገልግሎቶች ይህን ሰዓት የመያዝ ነገር አላቸው።

ሌላው ሲቋረጥ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከቆመበት የሚቀጥል አለ፣ ከዜሮ የሚጀምር አለ። በብሮውዘር ገብታችሁ ትልቅ ፋይል ስትጭኑ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ «ሀ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን የአገልግሎቱን አፕ ተጠቀሙ። እንደ ድሮፕቦክስና አይድራይቭ ያሉት ደግሞ አንድ ፋይል ሲቀየር የተቀየረችውን ክፍል ብቻ ነው የሚልኩት። 200 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ላይ አንድ መስመር ነክቶ 200ውን እንደገና መላክ በኛ ዳታ አያዋጣም።

በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን፣ ዳታ ቆጥብ የሚያሰኘውን፣ አብሩት። አለዚያ የሞላችሁት ጥቅል ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

ሲንክ ሌላ፣ ባክአፕ ሌላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር። ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ በዋናነት የሲንክ ዕቃዎች ናቸው። ሲንክ እንደ ጥላ ነው፤ ስትነሱ ይነሳል፣ ስትወድቁ ይወድቃል። ኮምፒውተር ላይ ስታጠፉ ክላውዱም ላይ ይጠፋል። ባክአፕ ግን ምስክር ነው። «ባለፈው ማክሰኞ ይህ ፎልደር ውስጥ ምን ነበር?» ብትሉት ይመልሳል።

ሲንኮቹም ቅርጫት አላቸው። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘውን 30 ቀን ያቆያል፤ የግል ዋንድራይቭና የድሮፕቦክስ ነጻው አካውንትም እንዲሁ 30 ቀን ነው። በቂ ይመስላል። ግን የእድር ሒሳብ በየሦስት ወሩ ነው የሚታየው። ልጅ በሚያዝያ ያጠፋችውን ፋይል በሐምሌ ስትፈልጉት ቅርጫቱ ባዶ ነው።

ቫይረስም አለ። ማተሚያ ቤት ፍላሽ ሰክቶ ፎልደሩ ሁሉ «ሾርትከት» ሆኖ ያልተመለሰ ማን አለ? ያ ቀላሉ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን እንዳመሰው «ዋናክራይ» ያለው፣ ፋይሉን ሲለውጠው ሲንኩ የተለወጠውን በታማኝነት ወደ ክላውድ ይልከዋል። ያን ቀን የሚያድነው የድሮውን ቅጂ ማስቀመጡ ነው።

እንግዲህ አማራጮቹ

ጉግል ድራይቭ ጂሜይል ያለው ሁሉ አለው፣ 15 ጊጋ በነጻ። 15ቱን ግን ጂሜይል፣ ድራይቭና ጉግል ፎቶስ ይካፈሉታል። ፎቶስ ድሮ ጥራቱን ቀነስ አድርጎ ያለገደብ ያስቀምጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የምትጭኑት ሁሉ ይቆጠራል። ሲሞላ ኢሜይል መቀበልም ይቆማል። የስኮላርሺፕ መልስ የምትጠብቁ ተመራቂዎች ይህን ልብ በሉ። ለባክአፕ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ አካውንት መክፈት ጥሩ ዘዴ ነው። ግን አትርሱት፤ 2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ጉግል ሊያጠፋው ይችላል። በየጥቂት ወሩ ገብታችሁ ሰላም በሉት።

ዋንድራይቭ ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ነጻው 5 ጊጋ። አዲስ ላፕቶፕ ስትከፍቱ «ዴስክቶፕህን፣ ዶኩመንትህን፣ ፎቶህን ባክአፕ ላድርግልህ» ይላል። እሺ ያለ ሰው ፎልደሮቹ ወደ ዋንድራይቭ ይዛወሩበታል፤ 5 ጊጋውም ወዲያው ይሞላል። ከዚያ የባሰ ለኛ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይታያል፣ አጠገቡ ግን ትንሽ የደመና ምልክት አለች። ያቺ ምልክት ካለች ፋይሉ እናንተ ጋ የለም፤ ስትከፍቱት ነው የሚወርደው። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ስሙን እያያችሁ መቀመጥ ነው። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉት። ማይክሮሶፍት 365 የግል ጥቅል ለሚከፍል ሰው ግን 1,000 ጊጋ ይሰጣል፤ ወርድና ኤክሴልም አብረው አሉ። በሕጋዊ መንገድ ኦፊስ ለሚገዛ ሰው ጥሩ ዋጋ ነው።

ድሮፕቦክስ 2 ጊጋ በነጻ፣ ቢበዛ ሦስት ዕቃ ላይ። ለሰነድ ብቻ ይሆናል። አይክላውድ 5 ጊጋ ነው፤ አይፎን ከሌላችሁ እለፉት።

ሜጋ የሚባለው የኒውዚላንድ አገልግሎት ነው፣ ከሜጋባይት ጋር አይምታታባችሁ። ነጻው 20 ጊጋ ነው፤ ከዚህ ዝርዝር ትልቁ። ፋይላችሁ ከኮምፒውተራችሁ ሳይወጣ ይቆለፋል፤ ድርጅቱም አያየውም። የዚያኑ ያህል ፓስወርዱንና የማስመለሻ ቁልፉን ከጣላችሁ የሚከፍትላችሁ የለም። በነጻው ላይ በአንድ ጊዜ የሚወርደው መጠንም ገደብ አለው፤ የጠፋባችሁ ቀን ሁሉንም በአንዴ ላታወርዱ ትችላላችሁ።

ፒክላውድ ስዊዘርላንድ ነው የተመዘገበው፤ ነጻው እስከ 10 ጊጋ ይደርሳል። የሚለየው አንዴ ከፍሎ ዕድሜ ልክ የሚባል ጥቅል መኖሩ ነው። ውጭ ያለ ወንድም «ምን ልላክልህ?» ሲል አንዴ ከፍሎ የሚገላገለው ስጦታ ነው። ዕድሜ ልክ ማለት ግን የድርጅቱ ዕድሜ ልክ ማለት ነው። ክራሽፕላን የሚባል የቤት ባክአፕ እ.ኤ.አ. በ2017 «ለቤት ተጠቃሚ ማቅረብ አቁሜያለሁ» ብሎ በ2018 ዘግቶታል። ለደንበኞቹ ሌላ ቤት እንዲፈልጉ ጊዜ ሰጥቷቸዋል፤ ያም ጨዋነት ነው።

ቴሌግራምን ስም ሳልጠራ ባልፍ ትስቁብኛላችሁ። ግማሾቻችን ባክአፓችን «ሴቭድ ሜሴጅስ» ነው። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አይደለም። ነጻ ነው፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ በደካማ ኔትወርክም ይገፋል። ፎቶ ስትልኩ ግን በፎቶ መልክ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። አካውንቱ የተንጠለጠለው በስልክ ቁጥራችሁ ላይ ነው፤ ሲሙ ከጠፋ ጣጣ ነው። ረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ራሱን ያጠፋል። ተራው ቻት ደግሞ እንደ ሜጋ እናንተ ብቻ በያዛችሁት ቁልፍ የተቆለፈ አይደለም፤ የቤት ካርታና የመታወቂያ ስካን እዚያ ባይቀመጥ እመርጣለሁ። በየካቲት 2015 ቴሌግራም አገር ውስጥ ተዘግቶ እንደነበርም አትርሱ።

ትክክለኛ ባክአፕ የምላቸው ሁለት ናቸው። ባክብሌዝ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የግል ፋይል ያለገደብ ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ዋጋው በዓመት 99 ዶላር ነው። የተሰረዘውን እንደ ምርጫችሁ 30 ቀን ወይም አንድ ዓመት ያቆያል። «ያለገደብ» የሚለው ቃል ያምራል። መስመሩ 1 ሜጋቢት ለሆነ ሰው ግን ገደቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አይድራይቭ በጊጋ ነው የሚሸጠው፤ በአንድ አካውንት ብዙ ኮምፒውተርና ስልክ ይገባል። ነጻው 10 ጊጋ ነው። የአንድን ፋይል እስከ 30 የሚደርሱ የድሮ ቅጂዎች ይይዛል። ኮምፒውተር ላይ ያጠፋችሁትን ደግሞ እናንተ አጽዳ እስክትሉት ድረስ አያጠፋም። ለእድር ኤክሴል ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ክፍያና ቁልፍ

የአብዛኞቻችን የባንክ ካርድ በብር፣ ለአገር ውስጥ ነው የሚሠራው። እነዚህ ድርጅቶች ደግሞ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በዶላር ይፈልጋሉ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር ያው የሆነው ክፍያ በብር እጥፍ ሊሆን ነው ማለት ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ከከፈለላችሁ ካርዱ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ጠይቃችሁ ያዙ። እሱ ካርድ ሲቀይር እናንተን አያስታውስም፤ ክፍያው የቆመ አካውንት ደግሞ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይጸዳል። የኔ ምክር፣ ነጻውን እስከ ጥጉ ሳትጠቀሙ ወደ ክፍያ አትሂዱ።

ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉት። አዎ፣ ወረቀት ላይ። የቤት ካርታው ያለበት ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ባለቤታችሁም ትወቀው። ፓስወርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጦ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል በምን ይገባል?

ኔትወርክ ሲጠፋ

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ማንም አልረሳውም። ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ያኔ እንደሌለ ነበር። ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ የሚለውን ሁሉም ክላውድ አድርጎ ይተረጉመዋል። እኔ ደብረ ሲና እህት አለችኝ።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። የዘር ፎልደሩን ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በፓስወርድ ቆልፌ ገለበጥኩና፣ ለፋሲካ ስንሄድ የጣርማበርን ዋሻ አሻግሬ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስቡት፣ 340 ጊጋውን በኔ መስመር ለማውጣት አንድ ወር ይፈጃል፤ በሚኒባስ ግን ሁለት ሰዓት አይሞላም። እህቴ «ውስጡ ምንድን ነው?» ስትል «እድር» አልኳት።

አጥፍታችሁ መልሱ

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ ፎልደር በአማርኛ ሰይሙ፣ «የሐምሌ መዋጮ» በሉት። ጥቂት ፋይል ከትታችሁ ጫኑት፣ ከኮምፒውተር አጥፉት፣ ከዚያ መልሱት። እኔ ከሞከርኳቸው በአንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ በዚፕ ሲወርድ የአማርኛ ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው መጡ። ፋይሎቹ ደህና ነበሩ። ግን 400 ፎቶ «????» ተብሎ ሲመጣ የክርስትናው የቱ፣ የለቅሶው የቱ እንደሆነ ከፍታችሁ ነው የምትለዩት። ስትመልሱም ሰዓት ያዙ።

ለማን የቱ?

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁና መመረቂያ የምትጽፉ፣ ድሮፕቦክስ ወይም ሁለተኛ የጉግል አካውንት ይበቃችኋል፤ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ቀን ጽፋችሁበት ቴሌግራም ላይ ጣሉ። ሰነድና ሒሳብ የምትይዙ፣ አይድራይቭ ነጻው። የቤተሰብ ፎቶ ከ20 ጊጋ በታች የሆነላችሁ፣ ሜጋ። ከፋይ ዘመድና ጥሩ መስመር ያላችሁ፣ ባክብሌዝ። ሰርግ የምትቀርጹ ልጆች ግን ክላውድን ተዉት። የጥር ሰርግ አንዱ ብቻ 100 ጊጋ ቢሆን በ1 ሜጋቢት 9 ቀን ያለማቋረጥ ይፈጃል፤ እስከዚያ ሌላ ሦስት ሰርግ ይደርሳል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ አንዱን ስቱዲዮ፣ ሌላውን ሌላ ሰው ቤት። ደንበኛ መርጦ ያሳተማቸውን ፎቶዎች ብቻ ክላውድ ላይ አውጡ።

እኔ ሰነዱን አይድራይቭ፣ ፎቶውን ሜጋ፣ ሁሉንም ደብረ ሲና አድርጌያለሁ። ለኮምፒውተሩ ስታቢላይዘር ገዛሁለት፤ ክረምት ላይ ማታ ማታ ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ።

ጋሼ ደብተሩ እንዳይቆም አዘዋል። እሁድ እሁድ እሳቸው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ እኔ ገጹን በስልኬ አነሳዋለሁ፣ ማታ ይጫናል። መጀመሪያ ቀን ሁሉንም ገጽ ሳነሳ የኋላውንም አነሳሁ። ላሟም ክላውድ ላይ አለች።